ለአገልግሎት ባሕር ማዶ መሄድ ለሚያስብ የማሻ ተማሪ

ጥያቄው ከየት ይነሣል

በሸካ ዞን ማሻ ላይ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ለመምህሩ የሚያሳየው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ወጪው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ የበጎ ፈቃድ ጉዞ ወደ ካናዳ»፣ «የወጣቶች ልውውጥ በአውሮፓ፤ ቦታው ውስን ስለሆነ ፍጠኑ» ይላል። ከሥሩ የቴሌግራም አድራሻ ተቀምጧል። ተማሪው «መምህር፣ ይሄ እውነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወላጅ ሲጠይቅ ነገሩ ይከብዳል፤ ከጥያቄው ጀርባ ሊሸጥ የታሰበ በሬ ወይም ገና ባልተለቀመ ቡና ላይ የሚወሰድ ብድር ይኖራል።

እውነተኛ ፕሮግራም አለ፤ ወጣቶቻችንም ቢሄዱበት እወዳለሁ። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ተማሪ ሊሄድበት የሚገባውን መንገድ ሊርቀው ከሚገባው ለይቶ እንዲያውቅ ነው። መለያው ደግሞ አገሩ፣ አውሮፕላኑ ወይም የምስክር ወረቀቱ አይደለም። ሥራውን የጠየቀው ማን ነው? ሁሉንም የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች

«ፕሮግራም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የነጻ ትምህርት ዕድል ዲግሪ ለመማር የሚሰጥ ነው። የተማሪዎች ልውውጥ ደግሞ አንድ ተማሪ በሌላ አገር ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር እየኖረ ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት የሚማርበት ነው። በዚህ የታወቀው ኤኤፍኤስ የተባለው ድርጅት በ1915 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኞችን በአምቡላንስ በሚያመላልሱ አሜሪካውያን ወጣቶች ተጀመረ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ሥራውን ወደ ተማሪዎች ልውውጥ አዞረ።

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከእነዚህ ይለያል። አንድ ማኅበረሰብ የጎደለውን ሥራ ለተወሰነ ጊዜ፣ ደመወዝ ሳይቀበሉ ወይም የመኖሪያ ድጎማ ብቻ እየተቀበሉ መሥራት ነው። በድንበር ተሻጋሪ መልኩ የጀመረበት ታሪክ ደስ ይለኛል። ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬሶል በ1920 ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰዎችን ሰብስቦ፣ ቬርደን አጠገብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረሰችውን ኤን የምትባል የፈረንሳይ መንደር መልሶ ለመሥራት ወጣ። ከሠራተኞቹ መካከል ጀርመኖች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጠላት የነበሩ ሰዎች የጠላታቸውን መንደር ፍርስራሽ ያነሡ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ የሚከፈልበት ጉብኝት አለ። የሀብታም አገር ወጣት ገንዘብ ከፍሎ ለሁለት ሳምንት ወደ ድሀ አገር ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ቀሪውን ይጎበኛል። ጉብኝት ነውር የለውም፤ አገልግሎት ብሎ መጥራቱ ግን ሰውን ያሳስታል። የመጨረሻውና አደገኛው «በጎ ፈቃድ» የሚል ልብስ የለበሰ የጉልበት ሥራ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ተቀባይ በነበርንበት ዘመን

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ እንግዳ አይደለችም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ የሚልከውን የሰላም ጓድ በመጋቢት 1961 እ.ኤ.አ. አቋቁመው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 1962፣ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ይባሉ ነበር። አብዛኞቹ ወደ ክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበትነው አስተማሩ። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኗል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ መቱ ነው። ያን ጊዜ ማሻ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ መቱም በዚያው ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጆን ጋራሜንዲ ከባለቤታቸው ከፓቲ ጋር በሰላም ጓድነት መቱ ላይ አገለገሉ። በኋላ በካሊፎርኒያ ፖለቲካ ውስጥ ረጅም ዘመን ቆይተው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ኢትዮጵያና ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ሲገቡም፣ ሁለቱን አገሮች ለማስታረቅ ከተንቀሳቀሱት የቀድሞ የሰላም ጓዶች አንዱ ነበሩ። ሰላሳ ዓመት ያለፈው የመቱ አገልግሎት በሰውየው ውስጥ እንዳልሞተ ከዚህ ይታያል።

ያ ፕሮግራም ሥራ የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። መምህር የጠየቀው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እየሰፋ ነበር፤ የሠለጠነ መምህር ግን አልነበረም። ሥራው የታወቀ፣ ጊዜው ሁለት ዓመት፣ ከመምጣት በፊትም የአማርኛ ሥልጠና ነበረው። እንዲያም ሆኖ ሁሉም አልተደሰተም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ተማሪዎች «የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ መሣሪያ ናቸው» ብለው በሰላም ጓዶቹ ላይ ተቃውሞ አነሡ። ፕሮግራሙ በ1977 ተዘጋ፤ በ1995 ተመለሰ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ወጣ፣ በ2007 እንደገና መጣ፤ በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት በዓለም ላይ የነበሩት ጓዶች በሙሉ ወደ አገራቸው ሲጠሩ የእኛዎቹም ሄዱ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ፤ ከውጭ የመጣ አገልጋይ የሚሄድበት ቀን የሚወሰነው በእሱ አገር ነው። ስለዚህ ተተኪ ያላዘጋጀ ፕሮግራም ጅምሩን ጥሎ ይሄዳል።

እኛም ላኪ ነበርን

ይህን ክፍል ከሌላው ይልቅ አረዝመዋለሁ፤ ተማሪዎቼ የማያውቁት እሱን ነው። አገልግሎት ፈረንጅ ያመጣው ነገር ይመስላቸዋል።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት 1954 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጣና አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ተማሪው የሚያገለግለው ሙያውን ይዞ ነው፤ ከላዩም የሚያርመው መምህር አለ። ይህ አሠራር አልጠፋም። ጅማ ላይ በ1975 ዓ.ም. የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ተቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አድርጎ ተነሣ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ዛሬም በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። ስለ አገልግሎት ትክክለኛ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደነገገ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኞቹ መምህር ሆነው ተመደቡ። ብዙ አፍሪካውያን የሚያውቁት የናይጄሪያ የወጣቶች ብሔራዊ አገልግሎት የተቋቋመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛው ከእሱ ይቀድማል። ከዋና ከተማ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር በዓይኑ ያየው በዚያ ዓመት ነው፤ ሲመለስም ያየውን ወደ ግቢው ይዞ ገባ።

ተማሪ ሲጓዝ ተቀባዩም እንደሚለወጥ የሚያሳየው ምሳሌ ከዚያ ትንሽ ይቀድማል። በ1958 እ.ኤ.አ. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጠች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም ገና በቅኝ ግዛት ሥር ከነበሩ አገሮች የመጡ ወጣቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ማደሪያ ኖሩ። ስለ ፖለቲካ በግልጽ መከራከር የለመዱ ነበሩ። የኢትዮጵያን ተማሪዎች እንቅስቃሴ ያጠኑ ሰዎች፣ የእኛ ልጆች ስለ አገራቸው አስተዳደር በድፍረት እንዲጠይቁ እነዚያ እንግዶች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይመሰክራሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመቻ ሌላ መልክ ነበረው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። መጻፍና ማንበብ አስተማሩ፤ በየካቲት ወር የመሬት አዋጁ ሲወጣ የገበሬ ማኅበር አደራጁ። ከባለ መሬቶችና ከአስተዳደር ጋር ተጋጭተው ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም ስለማይችል፣ «በጎ ፈቃድ» ልንለው አንችልም። እዚያ የወጡትን ወጣቶች ቅንነት አከብራለሁ፤ ግዴታ የሆነ ዘመቻ ግን የሚያስከፍለውን ዋጋ ከዚያው ማየት ይቻላል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለእኛ አካባቢ የተለየ ትርጉም አለው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከእነዚህ አንዱ ያን ጊዜ «ከፋ-ሞቻ» በሚል ስም የተመዘገበው፣ የዛሬዎቹ ካፊኖኖና ሸኪኖኖ ነው። በሸካ ጫካ መካከል የሚኖሩ እናቶችና አባቶች በሚናገሩት ቋንቋ ፊደል እንዲቆጥሩ ዕድል ተከፈተ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ዘመቻ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች።

ወደ ውጭ ከሄዱት ደግሞ የኩባዎቹን ማንሣት አለብኝ። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ወላጆቻቸውን ያጡትን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ የወጣቶች ደሴት ወደ ተሠሩት ትምህርት ቤቶች ተላኩ። የደሴቱ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ደግሞ ብርቱካንና ግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሥራ ነበር። እዚያ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ፤ በዚያው የቀሩም አሉ። በልጅነት ከወላጅ ተለይቶ ውቅያኖስ መሻገር ቀላል አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ የማስታወቂያው ፎቶ ናፍቆትን ስለማያሳይ ነው።

ማን ጠራችሁ?

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አንድ የውጭ አገር የተማሪዎች ቡድን ለሁለት ሳምንት ማሻ መጥቶ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ ልሥራ አለ እንበል። ማሻ ውስጥ ግንበኛ አለ። ግንበኛው የቀን ሥራ ፈልጎ ጠዋት መንገድ ዳር ይቆማል። ልጆቹ ለአውሮፕላን ባወጡት ገንዘብ ያ ግንበኛ ስንት ክፍል ይሠራ ነበር? የእኛ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው፤ ባልሠለጠነ እጅ የተሠራ ግድግዳ የማሻን ዝናብ ብዙ አይችልም። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። የጠራቸው ግን ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ መምጣት የፈለጉት እነሱ ናቸው።

በሕፃናት ማሳደጊያ ለአጭር ጊዜ ማገልገልን በተመለከተ ፍርዴ ጠንካራ ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ ማንም ተማሪዬ እንዲገባ አልመክርም። ሕፃን በየወሩ የሚለዋወጥ እንግዳ አቅፎት ሲሄድ ይጎዳል። ጎብኚ በበዛ ቁጥርም ወላጅ ያላቸው ልጆች ሳይቀሩ ወደ ማሳደጊያ የሚገቡበት ሁኔታ በብዙ አገሮች ታይቷል። አገራችንም የሕፃናት ነገር ከውጭ ገንዘብ ጋር ሲያያዝ ምን እንደሚመጣ አይታ፣ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርታለች።

አሁን አቅጣጫውን እንገልብጠው። ጀርመን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጣቶቿን ወደ ውጭ የምትልክበት ቬልትቬርትስ የሚባል ፕሮግራም አላት። ከ2013 ወዲህ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ወጣቶች ወደ ጀርመን ሄደው እንዲያገለግሉም ተፈቅዷል። አንድ የእኛ ወጣት በዚህ መንገድ ሄዶ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ወይም በተፈጥሮ ጥበቃ ሥፍራ ሊያገለግል ይችላል። የጠራው ሥራው የሚሠራበት ተቋም ራሱ ነው፤ ቦታው፣ ኃላፊው፣ የሥራ ሰዓቱ በውል ተጽፏል። ጥሪ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት የተቀባዩን ተቋም ስምና የሥራችሁን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ «እዚያ ስትደርሱ ይነገራችኋል» ከሆነ አትሂዱ።

ወጪው ከማን ኪስ ይወጣል

ለአፍሪካ ወጣቶች የተዘጋጁ ዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ከአመልካች ገንዘብ አይጠይቁም። የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ጓድ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩ አፍሪካውያንን ለአንድ ዓመት በሌላ የአፍሪካ አገር ያሰማራል። የአውሮፕላን ትኬት፣ የኑሮ ድጎማና የጤና መድን ይሸፍናል። መቀመጫው ቦን የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅትም ለሚያሰማራቸው የኑሮ ድጎማ ይከፍላል፤ ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየ ምድብ አለው።

ይህ ድርጅት በኢንተርኔት የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችንም ይቀበላል። ጽሑፍ መተርጎም፣ ሥዕል መሥራት፣ መረጃ ማደራጀት የመሳሰለ ሥራ ካላችሁበት ሆናችሁ የምትሠሩበት መንገድ ነው። ፓስፖርትም ቪዛም አይጠይቅም። ማሻ ላይ ኔትወርክ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላየሁም። በዚያ የሠራችሁት ሥራ ለቀጣዩ ማመልከቻ ማስረጃ ይሆናችኋል።

የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞችም አሉ፤ የተዘጋጁት ግን በአብዛኛው ለሀብታም አገር ወጣቶች ነው። እኛ ዘንድ ያለ ቤተሰብ ከብት ሸጦ የሚገባበት አይደለም። ሽፋኑ ሙሉ ነው የተባለውም ቢሆን አንዳንድ ወጪ ለእናንተ ይተዋል፤ ፓስፖርት፣ ከማሻ በቴፒ ወይም በጎሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ፣ በከተማው የሚታደርበት። ለአሜሪካ የልውውጥ ቪዛ የማመልከቻ ክፍያው 185 ዶላር ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም ይሸፍነዋል፣ አንዳንዱ አይሸፍንም። ይህንን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱ

ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሰነዶች ላይ ስማችሁ፣ የአባታችሁና የአያታችሁ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አሁኑኑ አረጋግጡ። እኛ አካባቢ የሸኪኖኖ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየቢሮው ይለያያል፤ በኋላ ማስተካከል ብዙ ወራት ይበላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ብዙ አገሮች ከኢትዮጵያ ከሚሄድ መንገደኛ ይጠይቃሉ።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ተማሪ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ አይጓዝም። አንዳንድ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሞች ደግሞ የጨረሰ ሰው ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብ አላቸው፤ ፉልብራይት አንዱ ነው። ውሉን ሳያነብ የሚፈርም ተማሪ በኋላ ሲያውቀው ይደነግጣል።

አጭበርባሪውን መለየት

የማጭበርበሩ መንገድ ይለያይ እንጂ ምልክቱ አይለያይም። ቪዛውን «እርግጠኛ» የሚያደርግ ሰው ይዋሻል፤ ቪዛ የሚሰጠው የምትሄዱበት አገር መንግሥት ብቻ ነው፣ ከውሳኔው በፊትም ውጤቱን ማንም አያውቀውም። ገንዘብ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር አስገቡ የሚል፣ ፓስፖርታችሁን «ለማስቀመጥ» የሚጠይቅ፣ ወላጆቻችሁ እንዳይሰሙ የሚመክር፣ በአንድ ቀን ውስጥ ወስኑ የሚል፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በቂ ነው። በእኛ አገር ነጋዴ ቡና ሲገዛ ጆንያውን ፈትቶ፣ ዘግኖ አይቶ ነው፤ የልጁን ዓመት የሚሰጥ ወላጅም ቢያንስ ያን ያህል ይመርምር።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ስሙን ይዛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። «አገልግሎት» ተብሎ የቀረበው ነገር ደመወዝ ያለው የቤት ወይም የእርሻ ሥራ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሥራ ስምሪት ነው፤ በሕግ የተፈቀደለት አካል ብቻ ነው ሊልክ የሚችለው። በማታለል ሰውን ወደ ውጭ መላክ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው። ተታልላችሁ ከሆነ አትፍሩ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። ዝምታ ቀጣዩን ልጅ ያስበላል።

ከማሻ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ

ማመልከቻ ላይ «ለማኅበረሰብህ ምን አበርክተሃል? ምን ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ብዕራቸው ይቆማል። «እኔ ከገጠር ነኝ፣ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሌላው ዓለም ሊማረው የሚፈልገውን ነገር በእጃቸው ይዘው ነው እንዲህ የሚሉት።

የሸካ ጫካ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ምዝገባው እንዲሳካ ማሻ ላይ የሠራው መልካ ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ነው። ድርጅቱ ተማሪዎችን ወደ ጫካ ወስዶ ከሽማግሌዎች ጋር እያገናኘ ስለ ተፈጥሮና ስለ ባህላቸው የሚማሩበት የወጣቶች ፕሮግራም አለው። በእኔ አስተያየት ይህ ራሱ የተማሪ ጉዞ ነው፤ ርቀቱ አጭር ቢሆንም ሥራው ባሕር ማዶ ከሚሄደው አያንስም።

አባቶቻችሁ ጫካውን በኮቦ ይይዛሉ። ቀፎ የሚሰቀልበት የዛፍና የጫካ ድርሻ የማን እንደሆነ የሚታወቅበት፣ ማንም ተነሥቶ ዛፉን እንዳይቆርጥ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ኮረሪማውና ጥምዙ ጥላ ሥር ይለቀማል፣ ማሩ ከዛፍ ላይ ይወርዳል፣ እንሰቱ ከጓሮ አይጠፋም። የአውሮፓ የተፈጥሮ ጥበቃ ተማሪ ጫካና ሰው አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ከመጽሐፍ ይማራል፤ እናንተ አይታችሁት አድጋችኋል። ይህን በሁለት ገጽ በንጹሕ እንግሊዝኛ መጻፍ የቻለ ተማሪ ከብዙ አመልካች ይለያል።

የባዮስፌሩ ስም ሌላም በር ይከፍታል። በዓለም ላይ ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች አሉ፤ በአገራችን ካፋ፣ ያዩና ማጃንግ ይገኙበታል። በእነዚህ ሥፍራዎች የሚኖሩ ወጣቶች በዩኔስኮ ሥር መረብ አላቸው፤ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ መድረካቸውን በ2017 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በፖ ወንዝ ዴልታ አካሂደዋል። የሸካ ወጣት ወደ መረቡ የሚገባው በዚህ ሥፍራ ስለሚኖር ነው። ማንም ደላላ አያስፈልገውም።

ከመሄድ በፊት እዚህ የሚሠራ

አገልግሎት ያልሠራን ሰው ለአገልግሎት የሚመርጥ ፕሮግራም አላውቅም። የክረምት በጎ ፈቃድ በየዓመቱ ይኖራል፤ የታናናሾቻችሁን ሂሳብ ማስጠናት፣ የአቅመ ደካማ ቤት መጠገን፣ ችግኝ መትከል። የሠላም ሚኒስቴርም ወጣት ምሩቃንን ከትውልድ ቦታቸው ውጭ ወዳለ የአገሪቱ ክፍል የሚልክበት «በጎነት ለአብሮነት» የተሰኘ ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለው። ከማሻ ወጥቶ ሌላ ቋንቋ በሚነገርበት ወረዳ ለወራት የሠራ ልጅ ጀርመን ወይም ጋና ሲሄድ አይደናገርም፤ ሰው ቤት እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት ተጠይቆ እንደሚሠራ ለምዷል።

የሠራችሁትን በደብተር መዝግቡ። ቀኑን፣ ሥራውን፣ ምን እንደተለወጠ፣ ኃላፊው ማን እንደነበር ጻፉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር ወይም የቀበሌ ሠራተኛ ሥራችሁን ያየ ይሁን። እንግሊዝኛችሁን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንብባችሁ አሻሽሉ፤ ብዙ ጥሩ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ለወላጆች

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ መሄድ ስለፈለገ አትቆጡ። ሴት ልጅ ስትጠይቅም ወዲያው «አይሆንም» አትበሏት፤ ማን ጋ እንደምታድር፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ልመለስ ብትል ትኬቱን ማን እንደሚቆርጥ ጠይቁ። ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ያለው ፕሮግራም ለመመርመር ይበቃል። መልስ ከሌለው በሬያችሁን አትሽጡ።

የማሻ፣ የአንድራቻና የየኪ ተማሪዎች፣ ያገኛችሁትን ማስታወቂያ ከመሙላታችሁ በፊት አትማችሁ ወይም በስልካችሁ ይዛችሁ ወደ መምህራችሁ ሂዱ። የጠራችሁ ማን እንደሆነ አብረን እንፈልግ፤ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻውን አብረን እንጻፈው።